ስኮርታ ለጀልባ

ጥቅምት ፲፯ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም. ቅዳሜ ነበረ፤ ጋሽ ዐብደላም በዚያ ቀን የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ነበሩ። ከሱብሒ ሶላት ተመልሰው ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የሚገኘውን የግቢያቸውን የቆርቆሮ በር ሲከፍቱ፣ አርባ አንድ ዓመት በትዳር አብረዋቸው የኖሩት ወይዘሮ ሃጂራ ከመኝታ ቤት አልነበሩም፤ ከማድ ቤትም አልነበሩም። የነበሩት ጀልባው ውስጥ ነው። ጀልባው እንደ ወትሮው በባለ ሁለት ጎማ ተሳቢው ላይ እንደ ተጫነ ከግቢው መካከል ቆሟል፤ በአንድ ጎኑ የጎረቤት አንሶላ ተሰጥቶበታል፣ ከአፍንጫው ላይ አንዲት ዶሮ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ሃጂራ የዒድ ሻሻቸውን አስረው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ የምሳ ዕቃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ደረቅ መሬት ላይ በቆመ ጀልባ ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ዝናብ የለም፤ ፀሐይም ገና አልወጣችም።

«የረውዳ እናት፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን እሆናለሁ? ጣናን ላሳይሽ፣ ላሳይሽ ስትል አልኖርህም? ይኸው ተሳፍሬአለሁ፤ ውሰደኝ።»

ጋሽ ዐብደላ የበሩን መቀርቀሪያ እንደ ጨበጡ ናቸው።

«ዛሬ?»

«ዛሬ ልቤ እሺ ብሎኛል። ነገ ምን እንደሚል ግን እኔም አላውቅለት። እስከ ቀትሩ ዙሁር ድረስ ከዚህ አልነቃነቅም። ለሶላት ከወረድሁ በኋላ ግን ማን ዳግም እንደሚያወጣኝ እንጃ።»

ይህ ቃል ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ የሚያውቅ ጋሽ ዐብደላን የሚያውቅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ሃጂራ በልጅነታቸው አይከል ሳሉ፣ በክረምት የሞላ ወንዝ ጭነት የተጫነች በቅሎ ሲወስድ ቆመው አይተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጀበና ከሚበልጥ ውኃ ጋር ዕርቅ የላቸውም። ባላቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጨርቅ ነጋዴ ሆነው፣ ጣቃ እያስጫኑ ጎርጎራ ገበያ ሲመላለሱ ኖረዋል። ማታ ማታ ሲመለሱ ስለ ሐይቁ ያወራሉ፦ ማለዳ ብር እንደሚመስል፣ ወደ ማታ መዳብ እንደሚመስል፣ ማዶው እንደማይታይ። ወይዘሮ ሃጂራ እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ ወሬው ሲያልቅ ግን ከአፋቸው አንዲት ቃል አትወጣም፣ ተነሥተው ዕቃ ያነሣሉ። ያች ዝምታ ከባልና ሚስቱ ጋር በአንድ ቤት አርባ አንድ ዓመት ኖራለች። ውኃውን የፈጠረ ጌታ የሚወዷትን ሰው አምጥቶ አንድ ጊዜ ቢያሳይላቸው፣ ጋሽ ዐብደላ ከዚህ ዓለም ሌላ የሚሹት አልነበራቸውም።

ጀልባውም ቢሆን በፈቃዳቸው የተገዛ አልነበረም። ስለ ዓሣ የሚያጠና አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ፣ ጋሽ ዐብደላ ሸራ ሊገዙ ሄዱ። ሸራው ወፍራም፣ ስፌቱ ድርብ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ ነበረ፤ በሁለት ጣታቸው አሽተው ወደዱትና ዋጋ ጠሩ። ጨረታው ሲጸናላቸው ሸራው ተገለጠ፤ ከሥሩ ጀልባ ነበረ። «ከሥሩ ያለውም የእርስዎ ነው» ተባሉ። ሸራ ገዝተው ጀልባ ተመረቀላቸው ማለት ነው። ከሁለት ወር ወዲህ እነሆ ግቢያቸው ወደብ ሆኗል።

ጋሽ ዐብደላ ስልክ ደውለው የሻውን ጠሩት። የሻው የኮሶዬ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በፒክአፑ ድንች ጭኖ ወደ ጎንደር ገበያ ይወርዳል። ድንቹን አራግፎ ሲመጣ፣ የወይዘሮ ሃጂራን ጃንጥላ ከጀልባው በላይ አይቶ ከበሩ ላይ ቆመ።

«እንደምን አደሩ አያ ዐብደላ። ምነው፣ እመት ሃጂራ ከወዲሁ ተጫኑ?»

«ተጫንሁ። ምን አገባህ፣ ንዳ!» አሉት ወይዘሮ ሃጂራ ከላይ።

የሻው ሳቀና ተሳቢውን ዞሮ አየ። በጫማው ጫፍ አንዱን ጎማ መታ፣ ሌላውንም መታ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፣ ቀና ብሎ ከላይ አየ።

«ሸጋ ነው። ስኮርታው የታለ?»

«የምን ስኮርታ?»

«ትርፍ ጎማ ነዋ! ከቆላ ድባ ወዲያ ያለውን መንገድ እኮ ያውቁታል አያ። እኔ ድንች ስጭን እንኳ ያለ ስኮርታ ከኮሶዬ አልወርድም። እንኳንና እመት ሃጂራን ጭኜ።»

«የአንተ ማኪና ስኮርታ የለውም?»

«አለው። የኔው ግን ባለ ስድስት ብሎን ነው፤ የዚች ደግሞ አራት ብሎን ነው። አይገጥምም።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተሳሳተው። ጋሽ ዐብደላ አራትና ስድስት የሚለውን በጆሯቸው ሰሙት እንጂ በልባቸው አልያዙትም። ለጨርቅ ነጋዴ ብሎን ማለት ቁልፍ ማለት ነው፤ ቁልፍ ደግሞ አንድ ቢበዛ ወይም ሁለት ቢጎድል ኮቱን ከመልበስ የሚከለክል የለም። ዋናው ቁመቱ ነው።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ሃጂራ ከጃንጥላቸው ሥር ሆነው ሲያስቡ ቆይተው ኖሮ ድንገት ተናገሩ፦ «የየሻው ማኪና ስኮርታ አለው። ለተሳቢውም ሊገዛለት ነው። ለእኔስ? ጀልባው ቢሰምጥ የኔ ስኮርታ የታለ?»

የሻው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አንሶላዋን ልታነሣ የመጣችው ጎረቤትም ሳቀች፤ ጋሽ ዐብደላም ሳቁ። መልስ የሰጣቸው ግን አልነበረም።

የሻው አንዱን የተሳቢ ጎማ ፈትቶ ጋሽ ዐብደላ ለናሙና ይዘውት እንዲሄዱ አሰበና፣ ተሳቢውን የሚያነሣበትን ክሪክ ሊያመጣ ወደ ማኪናው ሄደ። ወይዘሮ ሃጂራ ግን ብረቱን ገና ሲያዩት ጮኹ፦ «ከሥሬ አንዳች ነገር ንቅንቅ ቢል ዛሬውኑ እወርዳለሁ!» ክሪኩ ተመለሰ። ጋሽ ዐብደላም «ለመለካትማ እኔ አለሁ» ብለው ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡ። ከጎማው ግርጌ እስከ ጎማው ራስ ወጥረው፣ በአውራ ጣታቸው ልኩን ያዙ። ከዚያ እጃቸው፣ ሳያዟት፣ ባለቤቷም ሳያውቅ፣ ለደንበኛ ሁሉ ስታደርገው እንደ ኖረች፣ ከልኩ አልፋ አራት ጣት ጨመረችና ሲባጎውን ቆረጠች። ያቺ አራት ጣት በአዲስ ዓለም የታወቀች ናት። ጋሽ ዐብደላ ለማንም ሰው ጨርቅ ሲለኩ ያለ ምራቂ ቆርጠው አያውቁም፤ ሲገዙም ያለ ምራቂ ገዝተው አያውቁም።

ሲወጡ በኡዘይር ሱቅ በር ማለፍ ግድ ነበረ። ኡዘይር የወይዘሮ ሃጂራ ታናሽ ወንድም ነው፤ የማኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሱቁ ከግቢያቸው ጋር አንድ ግድግዳ ይካፈላል። ስኮርታ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የቀረበ በር አልነበረም። ነገር ግን ጀልባው የገባ ሰሞን ይህ ሰው በዒድ ምሳ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የኑሕ መርከብ መጣችልን፤ እንስሳቱን መቼ ነው የምንጭነው?» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የጋሽ ዐብደላን በር ኑሕ በር ይለዋል። ከዚያ ወዲህም ሁለቱ ሰዎች ሃይማኖት ያዘዘውን ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ ከእሱ ያለፈ አንድ ቃል አይጨምሩም።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም።»

ኡዘይር ከሱቁ በር ላይ እንደ ቆመ ነው፤ ጋሽ ዐብደላም ሲባጎውን በእጃቸው ደብቀው አለፉ። ባጃጅ አስቁመው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ነጐዱ።

ጎሚስታው ካሣዬ ይባላል። በቆርቆሮ ዳሱ ሥር ጎማ እንደ ጉድ ተቆልሎ፣ መካከሉ ላይ እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ይጠግናል። ጋሽ ዐብደላ ስኮርታ እንደሚፈልጉ በወግ በወጉ አስረዱት።

«ቁጥሩን ይንገሩኛ ጋሼ።»

«የምን ቁጥር?»

«ጎማው ጎን ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ እኮ።»

ጋሽ ዐብደላ ሲባጎውን አውጥተው በክብር ዘረጉለት። «ቁጥሩ ይህ ነው።»

ካሣዬ ሲባጎውን እንደ እባብ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። «ጋሼ፣ ሱሪ ነው እንዴ የምንሰፋለት?»

አጠገቡ ጎማው እስኪጠገን የሚጠብቅ ፋንታሁን የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ነበረ። «ለመሆኑ ማኪናው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ማኪና አይደለም። ጀልባ ነው።»

ካሣዬ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ጀልባ በጎማ ነው የሚሄደው?»

«እስከ ውኃው ድረስ በጎማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በአላህ ነው» አሉ ጋሽ ዐብደላ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመናገር አስቸጋሪ ነው። ወሬው ከዳስ ወደ ዳስ ዘለለ፤ ለጀልባ ጎማ የሚፈልግ ሽማግሌ መጥቷል ተባለ፤ ሥራ ያለው ሥራውን ጥሎ፣ ሥራ የሌለው ሥራ አግኝቶ መጣ። እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ጎማ እያንከባለለ ይመጣል፣ ካሣዬ እንደ ዳኛ ቆሞ ሲባጎውን ይጥልበታል፣ የተሰበሰበው ሰው በአንድ ድምፅ ይፈርዳል። የባጃጅ ጎማ መጣ፤ ሲባጎው ግማሹን አልፎ ተረፈ። «ይህ እንኳ ለጀልባው ልጅ ይሆነዋል» አለ ፋንታሁን። የአይሱዙ ጎማ በሁለት ሰው ተገፍቶ መጣ፤ ሲባጎው ከወገቡ አላለፈም። «ይህን ትታችሁ ጀልባውን ራሱን ስኮርታ አድርጉት!» አለ ሌላው። አንዲት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ከጀርባ ሆና፣ «ጀልባው ወንድ ነው ሴት?» ብላ ስትጠይቅ፣ ጋሽ ዐብደላ ራሳቸው ከንፈራቸውን መግታት አቃታቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በገበያ ኖረዋል፤ ገበያው እንዲህ ለእሳቸው ብቻ ሲደሰት ግን አይተው አያውቁም። ሰዓታቸውን ሲያዩ ልባቸው ፈራ፤ ቀና ሲሉ ደግሞ ሌላ ጎማ እየተንከባለለ ይመጣል።

በመጨረሻ ካሣዬ ከቁልሉ ሥር አንድ ከነብረት ቸርኬው የተቀመጠ አሮጌ የሚኒባስ ጎማ ጎትቶ አወጣ። ሲባጎው ተጣለ፤ ከግርጌው እስከ ራሱ ልክ ሆነ፤ ጸጉር አላነሰም፣ ጸጉር አልበዛም። ሰዉ እልል አለ። ጋሽ ዐብደላ ሂሳቡን ከፈሉ፤ ግን ቆመው ቀሩ።

«ምነው ጋሼ፣ የቀረ ነገር አለ?»

«ምራቂው።»

«ጎማ ላይ ደግሞ የምን ምራቂ አለ?»

«ልጄ፣ ምራቂ የሌለው ግዢ ምርቃት የሌለው ሠርግ ነው።»

ካሣዬ ራሱን አከከ። ከዚያ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ የነበረ አንድ ከመነዳሪ፣ ያን ከጎማ ውስጥ የሚገባውን ጥቁር ላስቲክ፣ በሦስት ቦታ የተለጠፈውን፣ አውርዶ በጋሽ ዐብደላ አንገት ላይ እንደ አበባ ጉንጉን አጠለቀላቸው። «ይኸው! ከአሁን ወዲያ ምራቂ አልሰጠኝም እንዳይሉ።»

እንደዚያ ሆነው ነው የተመለሱት፤ ጎማው በባጃጁ ወለል ላይ፣ ከመነዳሪው በአንገታቸው ላይ። ከነገሥታቱ ግንብ አጠገብ ሲያልፉ ጎብኚዎች ፎቶ አነሷቸው፤ ጋሽ ዐብደላም ሠርገኛ ይመስል እጃቸውን አነሡላቸው።

ግቢው ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ አናት ተጠግታ ነበር። ግማሹ ሰፈር በበሩ ታጭቋል። ወይዘሮ ሃጂራ የምሳ ዕቃውን ከፍተው ግማሹን በልተዋል፣ ግማሹን ለዶሮዋ አካፍለዋል፤ ጃንጥላው እንደ ተዘረጋ ነው። «አገኘህ?» አሉ። «አገኘሁ!» አሉ ጋሽ ዐብደላ።

የሻው ጎማውን ከተሳቢው ጎማ ጎን አቆመው። ጎንበስ ብሎ አየው፤ ቀና ብሎ ጋሽ ዐብደላን አየ።

«አያ ዐብደላ፣ ይኸ ሸጋ ጎማ ነው። የሌላ ማኪና ነው እንጂ።»

የአዲሱ ጎማ ራስ ከአሮጌው ራስ ከፍ ብሎ፣ የጭቃ መከላከያውን ቆርቆሮ ሊነካ ደርሶ ቆሟል። የቸርኬው ቀዳዳም ስድስት ነው። ጋሽ ዐብደላ ቀረብ ብለው፣ ከአንዱ ራስ እስከ ሌላው ራስ ያለውን ብልጫ በእጃቸው ለኩት። አራት ጣታቸው ልክ ገባች። ለዘመናት ለሰው ስትጨምር የኖረችው እጅ፣ ዛሬ በጌታዋ ላይ ምስክር ሆና ቆመች።

«የረውዳ አባት፣» አሉ ወይዘሮ ሃጂራ ከላይ፣ በዝግታ፣ «መረቅህ?»

«መረቅሁ።»

ከዚህ በኋላ በግቢው የወረደችው ዝምታ ጋሽ ዐብደላ የሚያውቋት ናት። የሐይቁ ወሬ ሲያልቅ ትመጣ የነበረችው ያችው ናት። ወይዘሮ ሃጂራ አልተቆጡም፣ አልሳቁምም፤ የምሳ ዕቃውን ክዳን ብቻ ቀስ ብለው ገጠሙት። ወደ መናኸሪያው ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። ጋሽ ዐብደላ ግድግዳውን አዩ። ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ሰው አሰቡ። የዒዱን ምሳ፣ የሰዉን ሳቅ አሰቡ። ከዚያ ሚስታቸውን አዩና ክብራቸውን እንደ ነጠላ አጣጥፈው ከጎን አስቀምጠው ወጡ።

ኡዘይር ከሱቁ በር ላይ እንደ ማለዳው ቆሟል።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም።»

ሁለቱም ጠበቁ። ከሰላምታው የምታልፈውን የመጀመሪያዋን ቃል ማን እንደሚያወጣት አንድም ሰው አያውቅም ነበር።

«ስኮርታ ፈልጌ ነበር» አሉ ጋሽ ዐብደላ።

«ከማለዳ ጀምሮ አውቃለሁ። ግድግዳው ቀጭን ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«እርስዎስ ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉኝ?»

ኡዘይር ከበሩ ላይ የቆመችውን የራሱን የቪትዝ ማኪና የኋላ በር ከፈተ፣ የወለሉን ምንጣፍ ገለጠ፣ ትርፍ ጎማውን አንሥቶ እያንከባለለ ወደ ግቢው ገባ። «ቸርኬዋ አራት ቀዳዳ ናት» አለ። ጎኗ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበበ፤ የሻው የተሳቢውን ጎማ ጎን በምራቁ ጠርጎ አነበበ፤ ቁጥሩ አንድ ሆነ። የምትችለው ጭነትም አንድ ሆነ። የቀረው በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት ነበረ።

«እኔ ልለካው» አሉ ጋሽ ዐብደላ።

ሲባጎውን ከተሳቢው አንድ ብሎን እስከ ማዶ ብሎን ወጠሩ። አውራ ጣታቸው ልኩን ያዘች። ልክ በዚያች ቅጽበት ኡዘይር እጁን ሰድዶ የእጃቸውን አንጓ ጨበጠ። «ጋሼ! እንዳይጨምሩ!» በእርግጥም ጣቶቻቸው መንገድ ጀምረው ነበር። ጋሽ ዐብደላ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ምራቂ፣ ልክ ከልኩ ላይ ያዙ። ሲባጎው ወደ ቪትዟ ጎማ ተወሰደ። ገጠመ። የሻው «ሸጋ! ሸጋ!» እያለ ተሳቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ።

«ዋጋዋ ስንት ነው?»

«አትሸጥም። ምራቂ ናት።»

«የምን ምራቂ?»

«እኅቴን የወሰዱ ጊዜ እኔ ልጅ ነበርሁ፤ አባቴም ምራቂ ሳይሰጥዎት ሰደደዎት። በሆድዎ ይዘውት እንዳይኖሩ ብዬ ነው።»

ጋሽ ዐብደላ ኡዘይርን አቅፈው ሲስቁ፣ ሳቃቸው ገና ሳያልቅ፣ ከመስጊዱ የዙሁር አዛን ተሰማ።

ሁሉም ባለበት ቆመ። ወይዘሮ ሃጂራ ጃንጥላቸውን ዘጉ። አንድ እግራቸውን በተሳቢው ብረት፣ አንድ እጃቸውን በወንድማቸው ትከሻ ላይ አድርገው ወረዱ፤ ማንንም ሳያዩ ወደ ቤት ገቡ። ወንዶቹ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ጋሽ ዐብደላ አንድ ጊዜ ዞረው ጀልባውን አዩት። እንዲህ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር።

የሻው ክርስቲያን ነውና ብቻውን ከግቢው ቀረ። ስኮርታዋን በተሳቢው ግንባር አሠረ፤ ጨረሰ፤ የሚሠራው አጣ። መሬቱ አቧራ፣ ድንጋዩም የጋለ ሆነበት። ጋሽ ዐብደላ ከአንገታቸው ያወለቁት ከመነዳሪ ከትልቁ ጎማ ላይ ተጋድሞ አየውና መቀመጫ ይሆነኛል ብሎ ከማኪናው ፓምፕ አምጥቶ ነፋው፤ ነፍቶም እንደ ጌታ ተቀመጠበት።

ጋሽ ዐብደላና ኡዘይር ሲመለሱ፣ ወይዘሮ ሃጂራም ከቤት ወጡ። የዒዱ ሻሽ ከራሳቸው የለም፤ የቤት ሻሻቸውን አሥረዋል። ጋሽ ዐብደላ ይህን ሲያዩ የጀልባውን ሸራ ሊያለብሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«የሻው፣ ምን ላይ ነው የተቀመጥህ?» አሉ ወይዘሮ ሃጂራ።

«ምራቂው ላይ ነኝ እመት።»

«ውኃ ላይ ይሰምጣል?»

«እንኳን እሱ ሊሰምጥ! እኛ ልጅ ሳለን በእንዲህ ያለው ነበር የመገጭን ወንዝ የምንሻገረው። የሰመጠ ሰው አላየሁም።»

«ተነሥማ።»

የሻው ተነሣ። ወይዘሮ ሃጂራ ጥቁሩን ላስቲክ በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ ዙሪያውን አዩት፤ በሦስቱም ልጣፍ ላይ መዳፋቸውን ጫን እያደረጉ ሞከሩት። ከዚያ በራሳቸው አጥልቀው ወደ ታች ሳቡት። በትከሻቸው አለፈ፣ በደረታቸው አለፈ፣ ከወገባቸው ሲደርስ ቆመ። አልጠበቀም፣ አልሰፋም፤ የጎንደር ልብስ ሰፊ ሁሉ ተሰብስቦ ቢለካቸው እንደዚያ አይገጥምም ነበር።

«የኔም ስኮርታ ይኸውና» አሉ።

ዞረው ገቡና የዒዱን ሻሻቸውን አሥረው ተመለሱ። ከመነዳሪውን ከወገባቸው አላወጡትም ነበርና በበሩ በጎን ነው የገቡት፣ በጎን ነው የወጡት።

«ከወረድሽ ዳግም አትወጪም መስሎኝ» አሉ ጋሽ ዐብደላ፣ ሸራውን ከእጃቸው ለቀው።

«ማን እንደሚያወጣኝ እንጃ አልሁ እንጂ፣ አልወጣም ወጣኝ? ደግፈኝ!»

ጎንደር በዚያ ከሰዓት ያየችውን ነገር አይታ አታውቅም። የየሻው ፒክአፕ በእግረኛ እርምጃ ትጎትታለች፤ ከኋላ ጀልባ፣ በጀልባው ላይ ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ሥር ወገባቸውን በጥቁር ላስቲክ የታጠቁ ወይዘሮ። ሚኒባሱ ሁሉ ጥሩምባ ነፋ። በመናኸሪያው ሲያልፉ ካሣዬ መዶሻውን ጥሎ፣ «ምራቂዬ! ያች ምራቂዬ ናት!» እያለ ሮጠ፤ ቲማቲም ሻጯ እልልታዋን ለቀቀችው። አዘዞ ላይ የትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸውና ሰው በተሳቢ አይጫንም ብሎ ወይዘሮ ሃጂራን ከሹፌሩ ጎን አስቀመጠ። ወይዘሮ ሃጂራም ታዝዘው ወረዱ፤ ከመነዳሪውን ያውልቁ ባላቸው ጊዜ ግን እምቢ ብለው፣ ከነእሱ ተገፍተው ገቡ። ጋሽ ዐብደላና ኡዘይር ከኋላው ጭነት ላይ፣ ለማንም ባልሆነው ትልቅ ጎማ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እስከ ጎርጎራ ድረስ የሁለት ወር ወሬ አወሩ። ስኮርታዋን የፈለገ ጎማ በመንገዱ ሁሉ አልተገኘም፤ እንደ ታሠረች ሄዳ እንደ ታሠረች ተመለሰች።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። የአገሩ ጀልባ ነጂ ሞተሩን ይዞ መጣ፤ ተሳቢው ወደ ውኃው ተገፋ፤ ጀልባውም በመጨረሻ የተሠራለትን ሥራ አገኘና ተንሳፈፈ። ወይዘሮ ሃጂራ «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ፤ ባላቸው ተከተሉ። ዳሩ ሲርቅ ወይዘሮ ሃጂራ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ከዚያ አንዱን ከፈቱ፤ ከዚያ ሁለቱንም። ውኃው ወደ መዳብ መለወጥ ጀምሯል። ማዶው አይታይም። ቀስ ብለው አንዲት ጣታቸውን ነከሩ፣ ከዚያም እጃቸውን እስከ አንጓቸው ድረስ ሰደዱት።

«እውነትህን ነበር የረውዳ አባት» አሉ። «ሁሉም እንዳልኸው ነው።»

ዞረው ባላቸውን አዩ። ጋሽ ዐብደላ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን የሐይቁን ውበት ሲያወሩ የኖሩት ዳር ቆመው ነበር፤ አንድም ቀን ውኃው ላይ ወጥተው አያውቁም።

ወይዘሮ ሃጂራ ትንሽ አዩአቸው። ከዚያ ከመነዳሪውን ከወገባቸው ላይ አወለቁና በባላቸው አንገት አጠለቁላቸው፤ በትከሻቸውም በደረታቸውም አሳለፉላቸው። ለማንም ተብሎ ያልተለካው ላስቲክ ለእሳቸውም ልክ ሆነ።

«ያዝ። ለእኔ ይህች ጃንጥላ ትበቃኛለች» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው በውኃው ላይ ሄዶ ከዳር የቆሙት ኡዘይርና የሻው ዘንድ ደረሰ።

በዚያ ቀን ከመንገድ ዳር ቆመው ያዩ ብዙዎች ናቸው። ጃንጥላው ጥቁር ነው ተብሎ እዚህ ተጽፏል፤ ሰማያዊ ነበር የሚልም አይጠፋም። ከመነዳሪው የተለጠፈው በሦስት ቦታ ነው ወይስ በአራት፣ አዘዞ ላይ ያስቆማቸው ፖሊስ ስቋል ወይስ አልሳቀም፣ ያየ ሰው ያርመው። የጎደለ ካለ አንባቢ ይሙላበት። የተረፈ ካገኘ ግን ምራቂ ነውና ይተወው።